ቆጣሪ የሌለው ሙቀት፦ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶቻችንን ማደስ ለምን ተሳነን?

ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የማያስፈልግ መብራት ማጥፋትና አሮጌ አምፖል መቀየር ነው። ሁለቱም ተገቢ ምክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ አርባ ምንጭን በመሰለ ቆላማ ከተማ የቤት የኃይል ጉዳይ የሚጀምረው ከማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን ከጣሪያው ነው። በኩልፎ ወንዝ አካባቢ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ በተዘረጋችው ሲቀላም ሆነ ከፍ ብላ በተቆረቆረችው ሴቻ፣ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሚኖር ሰው ቤቱ ከደጁ ይልቅ እንደሚሞቅ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ውድ አንባቢያን፣ የሕዝብ መኖሪያ ቤት ስንል በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ያሉትን የቀበሌ ቤቶች፣ በመንግሥት ፕሮግራም ተገንብተው ለነዋሪዎች የተላለፉትን ኮንዶሚኒየሞች፣ እንዲሁም የሠራተኛ መኖሪያዎችንና የተማሪ ማደሪያዎችን ማለታችን ነው። እነዚህን ቤቶች ሙቀትን እንዲከላከሉና ኃይል እንዲቆጥቡ አድርጎ ማደስ የሚቻል ሆኖ ሳለ ሳይደረግ የቀረው ለምንድን ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። የእኛ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። ዋናው እንቅፋት በሙቀቱ የሚጎዳው ወገን፣ ለእድሳቱ ወጪ የሚጠየቀው ወገንና ለማደስ ሥልጣን ያለው ወገን የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከዚህም በላይ ጉዳቱ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የኤሌክትሪክ ፍጆታ ቆጣሪ አለው፤ ሙቀት ግን ቆጣሪ የለውም።

ጣሪያው ምን ያደርጋል?

ነገሩን ከፊዚክስ እንጀምር። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን መጀመሪያ አካባቢ፣ በእኩለ ቀን በአናታችን ላይ ትሆናለች። በሌሎቹ ወራትም ቢሆን ቀትር ላይ ከአናት ያላት ርቀት ከ30 ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ ከቤቱ አካላት ሁሉ ብዙውን የፀሐይ ጨረር የሚቀበለው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር ቢሆን 30 ኪሎዋት ማለት ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚወስድ ብናስታውስ፣ ከሰባት የማያንሱ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቤቱ ላይ ተጥደዋል እንደ ማለት ነው። የዛገ ቆርቆሮ ከዚህ ጨረር ሦስት አራተኛ ያህሉን ይውጣል፤ ማለትም 22 ኪሎዋት ገደማ። በደንብ ነጭ የተቀባ ጣሪያ ግን የሚውጠው ከሩብ እስከ ሲሶ ብቻ ነው። የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮስ? እርሱ ብዙውን ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ነገር ግን የዋጠውን ሙቀት በጨረር መልክ መልሶ የመልቀቅ ችሎታው አነስተኛ በመሆኑ እርሱም ይግላል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ጠባዮች አጣምሮ ይይዛል፤ ጥቂት ይውጣል፣ የዋጠውንም ቶሎ ይለቃል።

የጋለ ጣሪያ አየሩን ብቻ አያሞቅም፤ በቀጥታ ወደ ሰው አካልም ይጨረራል። የስቴፋንና ቦልዝማን ሕግ እንደሚያስረዳን አንድ አካል የሚለቀው ጨረር በኬልቪን ከተለካው መጠነ ሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። በዚህ ሕግ መሠረት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ፍጹም ጥቁር ገጽ በካሬ ሜትር 700 ዋት ገደማ ሲለቅ፣ 27 ዲግሪ ላይ ያለው ግን 460 ዋት ገደማ ይለቃል። ልዩነቱ በካሬ ሜትር 240 ዋት ያህል ነው። የዛገ ቆርቆሮ ፍጹም ጥቁር ባይሆንም ከዚህ እጅግ አይርቅም። የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ቆርቆሮ ሥር ከተቀመጠው የበለጠ የሚመቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔዎቹ ረቂቅ አይደሉም። ጣሪያውን ነጭ መቀባት፣ በጣሪያውና በክፍሉ መካከል ኮርኒስ ማስገባት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታመቀው ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀት፣ መስኮትን ከቀጥተኛ ፀሐይ መጋረድ ናቸው። ከአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ እንኳ ከጋለው ቆርቆሮ የሚመጣውን ጨረር በቀጥታ አካላችን ላይ እንዳያርፍ ያግዳል።

መስኮቱን መክፈት ይቻላልን?

አንድ አንባቢ «ሌሊት መስኮት ቢከፈት ቤቱ ይቀዘቅዝ የለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የሌሊት አየር ማናፈሻ በቆላ ከተሞች ውስጥ ርካሹ ማቀዝቀዣ ነው። ይሁን እንጂ የምንኖረው የወባ ትንኝ በበዛበት አካባቢ ነው። ሌሊት መስኮት የሚከፍት ቤተሰብ ነፋሱን ብቻ ሳይሆን ትንኙንም ይጋብዛል፤ ሌባውንም ሳይጨምር። ስለዚህ ነዋሪው በሙቀትና በወባ መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜም ሙቀቱን ይመርጣል።

ይህ ምርጫ ግን የግድ አልነበረም። በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በጫኖ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በሮችና መስኮቶች በወንፊት ሽቦ በተሸፈኑባቸው ቤቶች ውስጥ የዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ ብዛት በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታይቷል። ያው የወንፊት ሽቦ መስኮቱን ሌሊት ለመክፈትም ያስችላል። እነሆ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንደኛው ጥቅም የሚመዘገበው በጤና ቢሮ፣ ሁለተኛው ግን በየትኛውም ቢሮ አይመዘገብም። የቤት እድሳትን ጥቅም በአንድ መሥሪያ ቤት መነጽር ብቻ ካየነው ሁልጊዜ አዋጪ ያልሆነ ይመስለናል።

ባለቤት፣ ተከራይና ፈቃድ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንጫ ተራራ ስንወጣ የምናገኘው የዶርዜ ቤት ለጉዳያችን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ከቀርከሃ የሚታነጸውና ወፍራም ልባስ ያለው ይህ ቤት የደጋውን ብርድ ይከላከላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ቁመቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይተውም፤ የተበላው ክፍል ይቆረጣል፣ ሲያስፈልግም ቤቱ እንዳለ በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። እንዲህ ያለው ቤት ለአሥርት ዓመታት የሚያገለግለው የቀርከሃው ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ አይደለም። ብርዱ የሚሰማው፣ ለእድሳቱ ጉልበት የሚያወጣውና «ይታደስ» ብሎ የሚወስነው አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ጭምር ነው።

የቀበሌ ቤት ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የቤት ኪራይንም ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች ሥር ሲውሉ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎችን ሸክም ማቅለል ተገቢ ዓላማ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ በመቆየቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ቤቶቹን ለመጠገን እንኳ የሚበቃ አልሆነም። ሙቀትን ለመከላከል ተብሎ የሚደረግ እድሳት ደግሞ ከጥገናም በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሆነ።

ተከራዩስ ራሱ ለምን አያድሰውም? እስቲ በእርሱ ቦታ ሆነን እናስብ። ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ለማደስ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ቢፈቀድለትም ያወጣው ወጪ ቤቱን ሲለቅ እንደሚመለስለት ማረጋገጫ አይኖረውም። ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ቢፈለግ ኮርኒሱም ቀለሙም ከቤቱ ጋር ይፈርሳሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ገንዘቡን በሰው ቤት ጣሪያ ላይ ባያፈስ ግዴለሽ ነው ልንለው አይገባም፤ በትክክል አስቧል እንጂ።

በቅርብ ዓመታት በበርካታ ከተሞች በተካሄደው የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ፊታቸው ቀለም ሲቀባ አይተናል። የከተማ ውበት የሚናቅ ነገር አይደለም። ሆኖም ለአላፊ አግዳሚው ለሚታየው ግድግዳ ቀለም ከተገኘ፣ ማንም ለማያየው ጣሪያ ቀለም የታጣው ከገንዘብ እጦት ብቻ ነው ለማለት ይከብደናል። የሚታየው ነገር በጀት ያገኛል፤ የማይታየው አያገኝም።

የጋራ ጣሪያ የማን ነው?

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ነዋሪውን የቤት ባለቤት ስላደረጉት የቀበሌ ቤቱ ችግር የተፈታ ይመስላል። እውነታው ግን ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ነዋሪው የግሉ የሚሆነው ቤቱ ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃውና የውጭው ግድግዳ የሁሉም የጋራ ናቸው። ሙቀቱ ግን በጋራ አይታደልም። በቆላ ከተማ ከጣሪያው ሥር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ሲቀቀል፣ የምድር ቤቱ ነዋሪ ሦስት ወለሎች እንደ ኮርኒስ ያገለግሉታል። ታዲያ ጣሪያው ነጭ ይቀባ የሚል ሐሳብ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ቢቀርብ የምድር ቤቱ ነዋሪ ለምን ብሎ መዋጮ ይከፍላል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂላችን መንገዱን ያሳየናል። ወጪው ለሁሉም ሲከፋፈል ቀላል ነው። ነገር ግን ሎሚው እንዲከፋፈል አስቀድሞ ደንብ ያስፈልጋል። የምድር ቤቱ ነዋሪ ነገ የፍሳሽ ቧንቧው ሲደፈን የላይኛው ፎቅ ነዋሪ እንደሚያዋጣለት፣ የላይኛውም ጣሪያው ሲግል የታችኛው እንደሚያዋጣለት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ ቢገኝ ክርክሩ ያበቃል።

ዝም የሚለው ቢል

በሌሎች አገሮች የቤት እድሳት የሚታቀደው በየወሩ ከሚቀነሰው የኃይል ክፍያ ተነሥቶ ነው። ወጪው በስንት ዓመት ይመለሳል ተብሎ ይሰላል። ይህ ስሌት ወደ እኛ ሲመጣ ይሰናከላል። አንድ ኪሎዋት የሚወስድ የአየር ማቀዝቀዣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ጣሪያ መቀባት ይህን ፍጆታ ቢቀንስ ቁጠባው በቢሉ ላይ ወዲያው ይታያል። አብዛኛው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን የአየር ማቀዝቀዣ የለውም። ቢበዛ 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ቢኖረው፣ በቀን 10 ሰዓት ሠርቶ የወር ፍጆታው 18 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ምን ይቀነሳል? በወረቀት ላይ እድሳቱ «አያዋጣም»።

ስሌቱ ያልመዘገበው ነገር ግን ትልቅ ነው፦ ያልተተኛ ሌሊት፣ ከሰዓት በኋላ ማጥናት ያልቻለ ተማሪ፣ ሙቀት የሚከብዳቸው ሽማግሌና ሕፃን። ድሃው ቤተሰብ የሙቀቱን ዋጋ የሚከፍለው በብር ሳይሆን በአካሉ ነው። ኃይል ያልተጠቀመ ሰው ኃይል ሊቆጥብ አይችልም ብሎ ከእድሳት ማግለል ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

የቢሉ መልእክት የሚደበዝዝባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ለረጅም ዓመታት 0.273 ብር ሆኖ በመቆየቱ ቁጠባ በኪስ አይሰማም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በመደረጉ ይህ እየተለወጠ ነው። ይሁንና በብዙ የቀበሌ ግቢዎች አንድን ቆጣሪ ብዙ አባወራዎች ይጋሩታል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ስለሆነ የተጋሩት ድሆች እንደ አንድ ብዙ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢቆጥብም ቁጠባው ለሁሉም ስለሚበተን የእርሱ ድርሻ አይታይም።

ከዚህ ጋር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ያካሄደውን የአምፖል ቅያሬ እናነጻጽር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎች ለነዋሪዎች ተሠራጭተዋል። ያ ዘመቻ የተሳካው አምፖል ርካሽ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። አምፖል ለመቀየር የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ የጎረቤት ፊርማም አይጠየቅም። ከሁሉም በላይ ግን በምሽት የሚጨናነቀው መረብ በመቃለሉ የሚጠቀመው ኮርፖሬሽኑ ራሱ ስለነበር ወጪውን ተሸከመ። ጥቅሙ የተቆጠረለት ወገን ከፋይ ሆነ። ለጣሪያ የጎደለን ይኸው ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ስለ ቁጠባ ማውራት ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ግድቡ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቅ የአገር ሀብት ነው። ነገር ግን ከጉባ የሚነሣው ኃይል ወደ ቤታችን የሚደርሰው በሠፈራችን ትራንስፎርመርና በተሸካሚ ሽቦ በኩል ነው፤ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ቢከፍት ጫናው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ማቀዝቀዣ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ የኃይል መትረፍረፍ ቤቱን አያቀዘቅዝለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አሮጌውን ከማደስ አዲስ መሥራት ይሻላል» የሚል ነው። ለተጎሳቆሉት ቤቶች ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አዲሱም ቤት ጣሪያው ያው ከሆነ ሙቀቱ ያው ነው፤ እስኪሠራም ድረስ በአሮጌው ውስጥ ሰው ይኖራል።

ሦስተኛው «ነጭ ቀለም ለሁሉም ይበጃልን?» የሚል ነው። አይበጅም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከአርባ ምንጭ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው ጨንጫ ሙቀቱ በ9 ዲግሪ ያህል ያንሳል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሙቀትን ማቆየት ነው። በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ንድፍ ለሁሉም አይሆንም። በዛገ ቆርቆሮ ላይም ዝገቱ ሳይጸዳ ቀለም አይይዝም፤ ኖራ ርካሽ ቢሆንም ዝናብ ያጥበዋልና መታደስ አለበት።

ምን ይደረግ?

በሌላው ዓለም የተሠራው ያስተምረናል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረውና የእድሳት ብድርን ከኃይል ቢል ጋር አያይዞ የሚያስከፍለው ፕሮግራም ፈላጊ ስላጣ በ2015 ተቋረጠ። ብድር ብቻውን በቂ አይደለም። በሕንድ የአህመዳባድ ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ከደረሰባት ብርቱ የሙቀት ማዕበል በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ በ2017 ደግሞ የድሃ ሠፈሮችን ጣሪያ በኖራ ነጭ መቀባት ጀመረች። የቴላንጋና ግዛት በ2023 ለመንግሥት ሕንፃዎች አቀዝቃዛ ጣሪያን ግዴታ የሚያደርግ ፖሊሲ አጽድቋል። በሁለቱም ቦታ ሙቀት የነዋሪው የግል ችግር መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር ጉዳይ ሆነ።

ከዚህ አንጻር የሚከተለውን እናሳስባለን። የከተማው አስተዳደር የቀበሌ ቤቶችን ጣሪያ መቀባትን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ መደበኛ ጥገና ይያዘው። በራሱ ወጪ ለሚያድስ ተከራይም ኪራይ እንደማይጨመርበት፣ ቤቱ ቢፈርስ ወጪው እንደሚታሰብለት በጽሑፍ ያረጋግጥለት። የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ጣሪያን በደንባቸው ውስጥ ከጋራ ወጪዎች ጋር ያካትቱ። የኃይል ቁጠባን ጉዳይ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሰጠው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከመሣሪያዎች አልፎ የምንኖርባቸውን ቤቶች እንዲመለከት ይደረግ። ዩኒቨርሲቲዎችም ከራሳቸው ማደሪያዎች ይጀምሩ፤ እዚያ ባለቤቱም፣ ከፋዩም፣ ወሳኙም አንድ ተቋም ነውና።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የተለየ ሥራ አለ። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ክፍሎችን ምረጡ፤ በመጀመሪያ ሁለቱንም ሳይነኩ፣ ከዚያም የአንዱን ጣሪያ ቀብታችሁ በየሰዓቱ ለአንድ ወር ለኩ። የአየሩን ሙቀት ብቻ አትለኩ፤ ጥቁር በተቀባ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ውስጥ የገባ ቴርሞሜትር ከጣሪያው የሚመጣውን ጨረር ጭምር ያሳያችኋል። ሌሊቱንም አትርሱ። መሣሪያው ርካሽ፣ ስሌቱም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የማያልፍ ነው። ውጤቱን ለአስተዳደሩና ለነዋሪው አቅርቡ። እስከ ዛሬ «ሙቀት አለ» የሚለው ቅሬታ በጀት ያላገኘው ቁጥር ስለሌለው ነው። ቁጥሩን ማምጣት የሳይንስ ተማሪ ድርሻ ነው፤ ቁጥሩ ከቀረበ በኋላ ዝም ማለት ለማንም ቀላል አይሆንም እንላለን።